ሽማግሌ የተላከለት የሽጉጥ መለዋወጫ

ሽጉጥ እተኩሳለሁ ስል ሰው ሁሉ እንደገና ያየኛል። ሃምሳን ያለፍኩ፣ ሚኒሶታ፣ ኒው ሆፕ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሰው በማንሳትና በማስተኛት የምተዳደር፣ እሁድ እሁድ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን የምቆም ሴት ነኝ። አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ «ማንን ልትገድዪ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ካርቶን» አልኳት። እውነቴን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኩን ራፒድስ አለፍ ብሎ ባለ ሜዳ፣ እንጨት ላይ የተቸነከረ ካርቶን እየዞርኩ እተኩሳለሁ። አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ሰዓት ይይዛል፣ ቀዳዳዎቹ ይቆጠራሉ፣ ውጤት ይጻፋል። ካርቶኑም ቀዳዳው በወረቀት ይለጠፍለትና ለሚቀጥለው ተኳሽ ይቆማል።

ያስጀመረችኝ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት፤ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች፣ በየበልጉ ይሁን በየመኸሩ ዛሬም አልለየሁትም፣ ብቻ ቅጠል ሲረግፍ አጋዘን ልታድን ጫካ የምትገባ ሴት። «ለሴቶች ብቻ የሆነ ቀን አለ፤ ነይ» አለችኝ። በይሉኝታ ሄድኩ፤ እሷ ብዙም ሳትቆይ ሰለቻትና ተወችው፣ እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ባለቤቴ ሲጠይቀኝ በደንብ ላስረዳው አልቻልኩም። መጦሪያው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ደወል ይጠራኛል፣ ቤት ስገባ ደግሞ ሰው ይጠራኛል። ሜዳው ላይ ግን ሰዓቱ አንዴ ከጮኸ በኋላ እስክጨርስ ድረስ ማንም ስሜን አያነሳም። ያ ሰላም ነው፤ በጥይት ጩኸት መካከል የተገኘ ቢሆንም ሰላም ነው።

ውድድሩ በምድብ በምድብ ነው። አንደኛው ምድብ «ኦፕን» ይባላል። እዚያ ሰው ሽጉጡ ላይ የፈለገውን ይገጥማል፤ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ መነጽር፣ ትልልቅ ቁልፍ፣ ልዩ ልዩ ብረት። አንዳንዱ ሽጉጥ ሽጉጥነቱ እስኪጠፋ ድረስ ያጌጣል። የኔ ምድብ «ስቶክ» ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ማለት ነው። የክለባችን ደንብ አጭር ነው፦ በስቶክ ምድብ ከሽጉጡ ውስጥ ያረጀ ሞላ ወይም የተሰበረ ብረት በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ከውጭ የሚታየው ግን ያው ፋብሪካ ለዚያው ሽጉጥ የሠራው መሆን አለበት። በዚህ ጉዳይ ሰዎቹ ቡና ይዘው ሲከራከሩ ሰምቼ አውቃለሁ። የእጀታው ሽፋን ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ቃታውስ? እኛ በጾም የትኛው ብስኩት ቅቤ አለው እያልን የምንከራከረው ክርክር ነው።

እኔ ስቶክን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ወደዚህ አገር ስመጣ የአውሮፕላኑን ዋጋ ያበደረኝ ድርጅት ነው፣ የመጀመሪያውን ካፖርት የሰጠችኝ አንዲት ፈረንጅ ናት፣ ሥራ ያስገባኝ የአገሬ ሰው ነው። ሁሉንም አመሰግናለሁ፤ አመሰግናለሁ ማለት ግን አፌን አድክሞታል። ስቶክ ውስጥ የሁሉም ሽጉጥ እኩል ነው። ማንም አያግዝህም፣ አንተም ማንንም አታመሰግንም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀዳዳ የኔ ነው፤ የሳትኩትም የኔ ነው። ይሄ ትዕቢት ከሆነ ይሁን።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት በስቶክ ምድብ ሦስተኛ ሆኜ እየሄድኩ ነበር። በረዶው ሳይገባ የዓመቱ ውድድር ሲያልቅ እስከ ሦስተኛ ለወጡት የተቀረጸ ጣውላ ይሰጣል። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የት እንደምሰቅለው ሁሉ መርጬ ነበር። ልጄ «ማም፣ ኢትስ ጀስት ውድ» አለችኝ። እንጨት መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። እንጨቱን ፈልጌ አልነበረም።

እዚህ ላይ ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ልናገር። የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ያለው መገጣጠሚያ አልቋል። ሐኪሙ ፎቶውን እያሳየ ብዙ ነገር አስረዳኝ፤ ባጭሩ ዕድሜና ሥራ ነው። ለዓመታት ከኔ ሁለት እጥፍ የሚከብዱ ሰዎችን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ አንስቻለሁ። ሥራ ቦታ ካወቁ «ላይት ዱቲ» ብለው ፎጣ አጣጣፊ እንደሚያደርጉኝ ታየኝ። ቤት ካወቁ ደግሞ ድስት አላስነሳ ይሉኛል፣ ቅዳሜዬንም ይወስዱብኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እኛ ቤት ሙያ ነው፤ «ዝምታ ወርቅ ነው» እየተባልኩ ያደግኩ ሴት ነኝ።

ሽጉጤ ላይ አውራ ጣቴን የምትፈትን አንዲት ቦታ አለች። ጥይቱን የሚይዘው ካዝና ባዶ ሲሆን በአውራ ጣት የሚጫኑት ትንሽ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ካዝናው ወደ መሬት ይወድቃል፣ ሌላ ይከተታል። ሌላ ሰው ሳያስበው የሚጫነው ነገር ነው። እኔ ግን በተጫንኩት ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ሰዓት ያዡ ከኋላዬ ስለሚቆም ፊቴን አያይም።

በጸደይ ወራት የሽጉጤ ዋና ሞላ ደከመ። አዲሱን ከፋብሪካው አስመጣሁ። ሌሎቹ ተኳሾች ራሳቸው ነው የሚቀይሩት፤ እኔ ግን ያንን ሞላ ጨምቄ ማስገባት ስለማልችል ሽጉጡን ባዶውን፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌ ለዋርሳዬ ወሰድኩለት። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ኩን ራፒድስ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለው። ጋሼ እጁ የገባን ነገር እንደነበረ መመለስ አይችልም። የኔን መኪና ዘይት ቀይርልኝ ብዬ ብሰጠው የወንበሩን ማሞቂያ ሠርቶ፣ የጓንት ማስቀመጫው እንዳይንኳኳ ጎማ ለጥፎ ይመልስልኛል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ቃል አይተነፍስም። እዚያ ቤት ካሉት ወንድማማቾች አንዱም ወሬ አልተሰጠውም።

ሽጉጡን ሲመልስልኝ ሞላው ተቀይሯል። ቁልፏም ተቀይራለች። አሮጌዋ ጥፍር የምታህል ነበረች፤ አዲሷ ወፍራም፣ ወጣ ያለች፣ ገና ስትነካ እሺ የምትል ናት። «ጋሼ፣ ይሄ ደሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የድሮው ተበልቶ ነበር» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ከፋብሪካው ነው?»

«ከፋብሪካው የሚሻል ነው።»

እኛ መኪና ሲጠገን ያየነው እንዲህ ነው። ከተገጠመው የሚሻል ከተገኘ የሚሻለው ይገጠማል፤ «የሚሻል መግጠም ክልክል ነው» የሚል ሕግ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔም በልቤ አሮጌዋ ስታረጅ ፋብሪካው አሻሽሎ ያወጣት ናት አልኩና ተቀበልኩ። በማግስቱ ቅዳሜ ካዝናው ጣቴን ሳያመኝ ወደቀ። በጋውን እንደዚያ ተኮስኩ። ጥርሴን መንከስ ሳቆም ዒላማዬም ተሻሻለ፤ ሦስተኛ የሆንኩትም ያን ጊዜ ነው።

በጋው ሊያልቅ ሲል ፍተሻ መጣ። አልፎ አልፎ የተኳሾችን ሽጉጥ ተራ በተራ ያያሉ። ውድድሩን የሚመራው ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለብዙ ዓመት በበረዶ ውስጥ ስለተመላለሰ ይመስለኛል የማይቸኩል ሰው። ሽጉጤን ገልበጥ አድርጎ በመነጽሩ ሥር አየው። «ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። መነጽሩን አስተካከለ። «እውነትም በጣም ጥሩ ዕቃ ነው» አለ ደግሞ። የሚኒሶታ ሰው አንዴ ካመሰገነ ምስጋና ነው፤ ሁለቴ ካመሰገነ ነገር አለ ማለት ነው።

ነገሩን ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሞላው ውስጥ ስለሆነ አያከራክርም። ቁልፏ ግን ውጭ ናት፣ የሌላ ድርጅት ምልክት አለባት፣ ከፋብሪካው ቁልፍም ትልቃለች። ስለዚህ የዚያን ቀን ውጤቴ ወደ ኦፕን ምድብ ይዛወራል። «ማንም አንቺን አጭበረበረች አይልም» አለኝ። «ያለፈውንም አንነካም። የድሮውን ቁልፍ መልሰሽ ግጠሚና በሚቀጥለው ጊዜ ስቶክ ውስጥ ነሽ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።»

በአጠገባችን የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ። ሽጉጤን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰማኝና ሳቀ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ ልጆቹ ሲጮሁበት ውሎ ስለሚመጣ ትልቅ የሚባል ችግር አያየውም። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? አሮጌውን መልሰሽ ገላገይ!»

«አንተ ምን አገባህ!» አልኩት። ደነገጠ። እኔም ከአፌ በወጣው ደነገጥኩ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ጋራዥ ሄጄ የሆነውን ነገርኩትና አሮጌዋን ቁልፍ እንዲመልስልኝ ጋሼን ጠየቅሁት። አየኝ፤ ምንም ሳይል መለሰልኝ። ቤት ገብቼ ምድር ቤት ወረድኩና ባዶ ካዝና ከትቼ ተጫንኩ። አልወደቀም። ደግሜ ጠንክሬ ተጫንኩ፤ ካዝናው ወደቀ፣ ሕመሙም እስከ ክርኔ ወጣ። በበጋው ጣቴ አርፎ የዳነ መስሎኝ ነበር፤ ይልቁንስ ብሶበታል። ሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ብል በግራ እጄ ካልሆነ አልቻልኩም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። በአሮጌዋ ቁልፍ ስቶክ ውስጥ እቆያለሁ፤ ግን መተኮስ አልችልም። በአዲሷ መተኮስ እችላለሁ፤ ግን ስቶክ አይደለሁም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር!

ሽጉጡን ይዤ ተመለስኩና «ጋሼ፣ አዲሷን መልስልኝ» አልኩት። «ለምን?» አላለኝም። በነጋታው ግን ባለቤቴ «ምን ሆነሽ ነው? ግትር ሆንሽ እኮ» ሲለኝ «ይቺኛዋን ወድጃት ነው» አልኩት። ዕቃ የሚወድ ሰው እንዳልሆንኩ ያውቃል።

ከዚያ ጋሼ ደወለ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ጽዳት ነው አላልሽኝም? አብረን እንሂድ። ያን ሰውዬ ይቅርታ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ጋሼ በስልክ ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ነዳልንና ሄድን።

ስንደርስ የክለቡ ሰዎች ቱታቸውን ለብሰው ቀለህ ይለቅማሉ፣ ሳር ያጭዳሉ። መኪና ማቆሚያው ዳር ግን ሁለት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ቆመዋል። አወቅኋቸው። እኛ አካባቢ የማያውቃቸው የለም። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ። ሁለተኛው ብሩክሊን ሴንተር የሥጋ ቤት ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ሸሪክ ቢካካድ፣ እነዚህ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳቸው ሲደክማቸው ሌላኛው ይቀጥላሉ።

«ጋሼ! ምን አድርገህ ነው?»

«ዝም በይ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌ ይላካል፤ ለጋብቻ ይላካል፣ ለዕርቅ ይላካል። ለሽጉጥ ቁልፍ ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፖስታ አዳዩ የሳር መሰብሰቢያ ሹካውን እንደያዘ መጣ። የሽማግሌዎቹን ሙሉ ልብስ አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ የለም። አንተን ሊያነጋግሩህ ነው።»

ወዲያው የፕላስቲክ ወንበሮች አመጣ። ሚስቱ የጋገረችውን ቸኮሌት ያለበት ኬክ በሳህን አመጣ። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም፤ ኬኩንም አልነኩም። «ካልተቀመጡ ምን ላድርግ?» የሚል ዓይኑን ወደኔ ላከ። ደንቡን ነገርኩት፤ የመጣበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። «እሺ የምለው ለምኑ ነው?» አለኝ። ልክ ነው፤ እስካሁን አልተነገረውም።

«በይ ልጄ፣ ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ተርጉሚ» አሉኝ የታክሲው ሽማግሌ። በእንግሊዝኛ ከግማሹ የሚኒያፖሊስ ሕዝብ ጋር በሒሳብ ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሽምግልና ግን በእንግሊዝኛ አይሆንም። «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም። ልጃችን አጥፍታ እንደሆነ ስለ እኛ ሽበት ብለህ ይቅር በላት፤ ወደ ነበረችበት መልሳት።»

ተረጎምኩ። እንጨቱን ሳስረዳ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

«እሷ እኮ ምንም አላጠፋችም» አለ ፖስታ አዳዩ።

የወሎው ሽማግሌ ቀበል አድርገው «ጥፋት ከሌለ ታዲያ ቅጣቱ ከየት መጣ?» አሉ።

«ቅጣት አይደለም። መለዋወጫው ለዚያ ምድብ አይሆንም፣ ለሌላው ምድብ ይሆናል፤ ይኸው ነው። ከዚህኛው መስመር ወጥታ እዚያኛው መስመር ውስጥ ትቆማለች።»

የታክሲው ሽማግሌ ይህን በእንግሊዝኛው ሰምተውት ኖሮ እኔ ሳልተረጉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ። ኤርፖርት የታክሲ ላይንና የሊሞዚን ላይን እንዳለው ነው። ሊሞዚን ይዘህ ታክሲ ላይን ውስጥ ብትገባ እኛ ራሳችን እንበላሃለን እኮ።»

«አንተ ደሞ የማን ሽማግሌ ነህ?» አሏቸው የወሎው። ባለቤቴ ፊቱን አዙሮ ሲስቅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ነገሩ በዚሁ በሳቅ ሊያልቅልኝ ነው ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ፖስታ አዳዩ ግን አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። «ያልገባኝ አለ» አለ ወደኔ ዞሮ። «የድሮውን ቁልፍ ለምን አትመልሺውም? ቀላል ነገር ነው። ይህ ሁሉ ሰው ምን አስለፋው?»

«ይቺኛዋን ወድጃት ነው» ልል አፌን ከፈትኩ።

«አይደለም» አለ ጋሼ ከኋላ። እስካሁን እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የቆመው። «እውነቱን ንገሪው።»

«የምኑን እውነት?»

«አውራ ጣትሽ እንደማይሠራ ንገሪው።»

ከወዲያ ሳር የሚያጭደው ማሽን ብቻ ይሰማል። ባለቤቴን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም።

«ፋሲካ ዕለት የዘይቱን ጠርሙስ በጥርስሽ ስትከፍቺ አይቼሻለሁ» አለ ጋሼ። «ድስቱንም እንደ ሕፃን በክንድሽ አቅፈሽ ነው ያወረድሽው። ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። እኔ ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ጋራዥ ውስጥ ጨርሻለሁ፤ ብሎንና ሞላ የምይዘው በጉጠት ነው፤ ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት። ብጠይቅሽ ትክጃለሽ። ስለዚህ ሽጉጥሽን አስተካከልኩልሽ። ሕጉን አላውቅም ነበር። አሮጌውን መልስልኝ ብለሽ ሄደሽ በዚያው ቀን ተመልሰሽ ስትመጪ ግን ቁርጡን አወቅሁ።»

ሃያ ምናምን ዓመት በሚያውቀኝ ቤተሰብ ውስጥ ጋሼ እንደዚያ ረጅም ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ተናደድኩበት። በሰው ፊት ገለጠኝ ብዬ ከልቤ ተናደድኩበት። እንባዬም መጣ፤ ከንዴቱ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

ፖስታ አዳዩ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያያል። አማርኛ አያውቅም። «ተርጉሚለት እንጂ ልጄ» አሉኝ የታክሲው ሽማግሌ በለስላሳ ድምፅ። ራሳቸው ሊነግሩት ይችሉ ነበር። አልነገሩትም።

እኔው ተረጎምኩት። «የቀኝ አውራ ጣቴ አልቋል። አሮጌውን ቁልፍ መጫን አልችልም። ለዚህ ነው የማልመልሰው» አልኩ በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ ሲሉት አጭር ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እሺ ያላቸው የለም፤ ዝም ብለው አንዱ ቀጥሎ ሌላው ወንበር ስበው ተቀመጡ። የወሎው ሽማግሌ ቀና ብለው «አይ ልጄ፣ ደብቀሽ የት ልታደርሺው ነበር?» አሉኝ።

ፖስታ አዳዩ ኮፍያውን በእጁ አዞረው። «ደንቡ አሁንም ያው ነው» አለ። «ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር። ላንቺ ብዬ ብለውጠው ግን ስቶክ ስቶክ መሆኑ ይቀራል።» እሱ ይህን ሲል ጋሼ ፊቱ ወደቀ። እኔ ግን ቀለለኝ። እሺ ቢለኝ ኖሮ እዚያ ምድብ ውስጥ የምቆመው በሰው ምሕረት ነበር፤ ምሕረቱንማ ሌላ ቦታ ሁሉ ጠግቤዋለሁ። እጁን ጨበጥኩት፤ በግራ እጄ። ሽማግሌዎቹ ኬኩን በሉ፤ የታክሲው ሽማግሌ ለቤት የሚሆን እንኳ ተጠቅልሎላቸዋል።

ስንመለስ ጋሼ በሽማግሌዎቹ መኪና ሄደ፤ ከኔ ሸሽቶ መሰለኝ። ባለቤቴ ሀይዌይ ስንገባ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ካቻምና ክረምት።»

«ካቻምና!» አለ። «እኔ የት ነበርኩ?»

«አጠገቤ» አልኩት።

በዚያው ሳምንት ለሥራ ኃላፊዬ ነገርኳት። የፈራሁት አልሆነም፤ ፎጣም አላጣጠፍኩም። ከባዱን ሰው ከሌላ ሠራተኛ ጋር ሆነሽ አንሺ ተባልኩ፣ ለእጄም ማሰሪያ ተሰጠኝ። ለጋሼ ለጥቂት ሳምንት አልደወልኩለትም። በመጨረሻ መኪናዬ ሳይታመም ታሟል ብዬ ወሰድኩለት። ኮፈኑን ከፍቶ ሲያየው ቆየና «ምንም የለውም» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። ሻይ አፈላልኝ። ይቅርታ መባባል ማለት ለኛ ይኸው ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ዕለት ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። መዝገቡ ጋ ፖስታ አዳዩ ቀና ብሎ፣ እያወቀ፣ እንደማንኛውም ሰው «የትኛው ምድብ?» አለኝ። «ኦፕን» አልኩት። ጻፈ። ያን ቀን በኦፕን ከመጨረሻው አንድ ብቻ በለጥኩ፤ እሱም ያጌጠው ሽጉጡ መሃል ላይ እምቢ ስላለው ነው። ጣውላውን ሌላ ሰው ወሰደው። አጨበጨብኩ። ቅር አለኝ፤ አሁንም ሳስበው ቅር ይለኛል።

ከውድድሩ በፊት ግን የሆነ ነገር አለ። ባለቤቴ አብሮኝ መጥቶ ነበር፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስተኩስ ሊያይ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ጓንቱን አድርጎ ከእንጨቱ ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጦ ሰዎቹን ያያል። እኔ ካዝናዎቼን ለመሙላት የጥይቱን ሳጥን አወጣሁ። ካዝና ሲሞላ እያንዳንዱ ጥይት በአውራ ጣት ተገፍቶ ነው የሚገባው፤ እየሞላ ሲሄድ ውስጡ ያለው ሞላ እየጠነከረ ይመጣል። ዓርብ ዓርብ ምድር ቤት በሩን ዘግቼ፣ ካዝናውን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ፣ በግራ መዳፌ እየገፋሁ ነበር የምሞላው። በዚያ ሳምንት ሳልሞላ ነው የመጣሁት።

ሳጥኑን ከእጄ ወሰደው። ጓንቱን አወለቀ። «በየት በኩል ነው?» አለኝ።

«ሹሉ ወደ ፊት።»

የመጀመሪያውን ገልብጦ ከተተ። ልነጥቀው እጄ ተነሳ፤ መልሼ አወረድኩት። አወጣና አስተካክሎ ከተተው። እየገፋ፣ እየተሳሳተ፣ ትንፋሹ ጢሙ ላይ እየጨሰ አንዱን ካዝና ጨረሰ። አውራ ጣቱ ቀልቶ ነበር። ጣቱን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ሁለተኛውን ካዝና አቀበልኩት።